ዋካ የሳሎን ጌጥ አይደለም

ባለፈው ሴሚስተር ከጓደኞቼ ጋር አንድ ጋለሪ ገብተን ነበር። ጥግ ላይ ፀሐይና ዝናብ ፊቱን የሰነጣጠቀው የእንጨት ሰው ቆሟል። ከሥሩ «የእንጨት ምስል፣ ደቡብ ኢትዮጵያ» የሚል ጽሑፍ እንጂ ስም የለውም። አንዷ ጓደኛችን «ሳሎን ውስጥ ቢቆም እንዴት ያምር ነበር!» አለች። እኔም ተስማማሁ።

በኋላ ሳነብ አፈርኩ። ያየነው የኮንሶ ዋካ ነበር። በኮንሶ ባህል ጠላት የገደለ ወይም እንደ ነብርና አንበሳ ያለ አውሬ የጣለ ጀግና ሲሞት ምስሉ ከእንጨት ተቀርጾ ይቆምለታል። ብቻውን ግን አይደለም። ሚስቶቹ ከጎኑ ይቆማሉ፤ የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎችም አብረው ይቀረጻሉ። ግንባሩ ላይ ያለው ከለቻ የክብሩ ምልክት ነው። ስለዚህ ዋካ የቤተሰብ ታሪክም የሙት መታሰቢያም ነው። ከመካከላቸው አንዱን ነቅሎ መውሰድ ቤተሰብን መበተን ነው።

ብዙ ዋካዎች ተሰርቀው ለቱሪስትና ለሰብሳቢ ተሸጠዋል። ከሌባ እጅ የተመለሱት ካራት ከተማ በሚገኘው ሙዚየም ተቀምጠዋል። ዩኔስኮ የኮንሶን ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 ሲመዘግብ ይህ ሥርዓት ለመጥፋት መቃረቡን ጠቅሷል። ቀራጩ እየጠፋ ሲሄድ የተሰረቀውን የሚተካ የለም።

የመቅደላ ታቦታት ይመለሱ ስንል ድምፃችን ከፍ ይላል፤ ተገቢም ነው። የኮንሶ አባት መታሰቢያ ሲሸጥ ግን ለምን ዝም እንላለን? «ቅርሳችን» የምንለው የማንን ነው?

ማስመለስ እንደሚቻል ኬንያውያን አሳይተዋል። ሚጂኬንዳዎች ለሟች የሚተክሉት «ኪጋንጎ» የሚባል የተቀረጸ እንጨት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 አንዲት አንትሮፖሎጂስት አንድ አባወራን ከሁለት ኪጋንጎዎቹ ጋር ፎቶ አነሳችው። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም ተሰረቁ። ከዓመታት በኋላ አንዱ በኢሊኖይ ግዛት ሙዚየም፣ ሌላው በሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ተገኘ። ያ ፎቶ ማስረጃ ሆኖ በ2007 ወደ ቤተሰቡ ተመለሱ። አንደኛው የተገኘው እንደኛ ተማሪዎች በሚመላለሱበት ግቢ ውስጥ መሆኑን ልብ በሉ።

ስለዚህ ወደየኮሌጃችሁ ሙዚየም ሂዱና ከኢትዮጵያ የመጡ ዕቃዎችን ዝርዝር ጠይቁ። ማን አመጣው? መቼ? ከማን ገዛው? ጥያቄው ነፃ ነው፤ የተማሪ መታወቂያ ይበቃል። እኔ ለዚያ ጋለሪ ኢሜይል ልኬ መልሱን እየጠበቅሁ ነው። ዝም ካሉኝ ደግሜ እጽፋለሁ።