ቤታችንን ለማን ነው የምናስረጨው?



ባለፈው ስብሰባ «የትኋን ነገር የየቤቱ ጉዳይ ነው፤ ማኅበሩን ምን አገባው?» ተብሎ ጉዳዩ ሳይነሣ ታልፏል። ቃለ ጉባኤ የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ፣ እዚያ ያልተጻፈውን እዚህ ሰሌዳ ላይ ልጽፈው ነው። ያገባዋል! ማኅበራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ለሐዘንተኛ ገንዘብ ይሰጣል። ሰው እንዳይሞት ትንሽ እናውጣ ሲባል ግን «ምን አገባን» ይመጣል።

ሳጉሬ የስንዴና የገብስ አገር ናት። ካዱ ይባል የነበረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1960 ዓ.ም. አሰላ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ማዳበሪያና የአረም መድኃኒት ለአካባቢያችን ገበሬ እንግዳ አይደለም። በዚህስ ተጠቅመናል። ነገር ግን ዛሬ መርጫ በጀርባው ያዘለ ሁሉ የቤት ተባይ አጥፊ ነኝ ይላል። ጠዋት ማሳ ላይ ቱፎርዲ ሲረጭ የዋለ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ያንኑ መርጫ ይዞ ልጆች የሚተኙበት ክፍል ይገባል። ቱፎርዲ እኮ የአረም መድኃኒት ነው። የዋግ መድኃኒትም ለዋግ ነው። ትኋን አረም ነው እንዴ?

ባለፈው ክረምት እኛው መንደር የገባ አንድ ረጪ መድኃኒቱን ይዞ የመጣው በለስላሳ ጠርሙስ ነበር። ስሙ ማን ይባላል ቢሉት «ጠንካራው ነው» አለ። ይኸው ነው መልሱ። ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ፤ በሦስተኛው ሳምንት ትኋኑ ተመለሰ፤ እሱ ግን አልተመለሰም። ጠርሙሱ ደግሞ እዚያው ግቢ ተጥሎ ልጆች ውኃ ሲቀዱበት ተገኘ። በሰዓቱ የደረሰች እናት ባትኖር ኖሮ ይህን ጽሑፍ ሳይሆን የቀብር ማስታወቂያ ነበር የምጽፈው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ኪኒኑ ነው። አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው፣ እህል እንዳይነቅዝ የሚደረገው። «ከአልጋ ሥር ሁለት ፍሬ አስቀምጠህ በሩን ዝጋ፣ ትኋንም አይጥም ይጠርግልሃል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ወገኖቼ፣ ኪኒኑ የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። የተሠራውም ሰው ለማያድርበት፣ ተዘግቶ ለሚታጠን የእህል መጋዘን ነው። ጋዙ በግድግዳ ስንጥቅና በኮርኒስ በኩል ያልፋል። እናንተ ዘመድ ቤት አድራችሁ ልትተርፉ ትችላላችሁ፤ በአንድ ግድግዳ የምትጎራበታችሁ አራስ ግን የት ትሂድ? ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ወተት ማጠጣትም ማርከሻ አይደለም። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ የደረት መጨነቅ ወይም የትንፋሽ ማጠር የጀመረውን ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ሐኪም ቤት ማድረስ ነው እንጂ ሌላ ዘዴ የለም።

ይህ የእኛ አገር ድንቁርና ብቻ እንዳይመስላችሁ። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ፣ ቴክሳስ ክፍለ ሀገር አማሪሎ በምትባል ከተማ፣ ይኸው ኪኒን ለአይጥ ተብሎ ከቤት ወለል ሥር ተደረገ። ሽታው ሲያስቸግር በውኃ ሊታጠብ ተሞከረ፤ ውኃው ጋዙን አባሰውና የአንድ ቤት አራት ልጆች ሞቱ። ሐኪም ቤትና አምቡላንስ በሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ሌሊት መኪና ፈልገን አሰላ እስክንደርስ ምን ሊሆን ነው?

«ታዲያ በትኋን እንበላ?» የሚለኝ አይጠፋም። አልወጣኝም! ደህና ድርጅት እንጥራ ነው የምለው። ደህናው በምን ይታወቃል ለሚለኝ፣ በዋጋው አይታወቅም፤ ውድ የሆነ ሁሉ አዋቂ አይደለም። መጀመሪያ የንግድ ፈቃዱን ያሳይ። መድኃኒቱን በፋብሪካው ዕቃ፣ ጽሑፉ ሳይላጥ፣ ፊታችን ይክፈት። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 የወጣው እኮ ያልተመዘገበ መርዝ እንዳይሸጥና በሥራ ላይ እንዳይውል ነው። ማንበብ የማይችል አባል ቢኖር ተማሪ ልጁ ታንብብለት፤ ለየትኛው ተባይ፣ የት እንደሚረጭ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ ቤት እንደሚገባ እዚያው ላይ ተጽፏል። የራሱ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ የሌለው ረጪ ለእናንተ ሳንባ ያስባል ብላችሁ አትጠብቁ።

ደግሞ «አንዴ ረጭቼ እስከ ዘለዓለሙ አጠፋላችኋለሁ» የሚል ውሸታም ነው። አብዛኛው ርጭት የትኋንን እንቁላል አይገድልም። እንቁላሉ ተፈልፍሎ አዲሱ ትውልድ ይወጣል፤ በእኛ ብርድ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ተመልሶ ሊረጭ በጽሑፍ የማይፈርም ድርጅት አይምጣብን። «ትኋን ክፉ በሽታ ያስተላልፋል» እያለ የሚያስፈራራውንም አትስሙት። ተስቦ የሚያመጣው ቅማል ነው፤ ትኋን እንቅልፍ ይነሣል፣ ቆዳ ያሳክካል እንጂ በሽታ ከሰው ወደ ሰው ማስተላለፉ አልተረጋገጠም።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ነውር የሚባለው ነገር ነው። ትኋን አለብኝ ማለት ያፍራሉ፤ በስውር፣ ለብቻቸው፣ በማታ ያስረጫሉ። ትኋኑ በጭቃው ስንጥቅ ጎረቤት ይገባና ርጭቱ ሲበርድ ይመለሳል። በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ቤት በአንድ ቀን ካልተረጨ ብሩ ባዶ ነው። ማኅበሩን ያገባዋል ያልኩት ለዚህ ነው።

ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው፤ ማኅበሩ ለተያያዙት ቤቶች ሁሉ በአንድ ውል አንድ ድርጅት ይቅጠር፤ ክፍያው ለጊዜው ከካዝና ይውጣ፤ አባላት ከወርሃዊ መዋጮ ጋር ቀስ እያሉ ይመልሱ፤ አቅም የሌላቸው አሮጊቶች አይጠየቁ። ገንዘብ ያዡ «ካዝናው ለቀብር ነው» ብለውኛል። ደንቡን አንብቤዋለሁ፤ መረዳጃ ነው የሚለው።

እስከዚያው ልብስና አንሶላ በፈላ ውኃ ይቀቀል፣ የአልጋው መገጣጠሚያ በፈላ ውኃ ይታጠብ፣ የግድግዳው ስንጥቅ በጭቃ ይመረግ። ይህ ነጻ ነው፤ ደግሞም ይሠራል።

ስብሰባው የፊታችን እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ኪኒኑ ቤቱ ያለ አባል ለማሳየት ብሎ ይዞ እንዳይመጣ፤ ውኃም እንዳያስነካው። ልጅ ከማይደርስበት፣ ሰው ከማያድርበት ደረቅ ቦታ አኑሮ ለቀበሌው የግብርና ሠራተኛ ይንገር።

የማኅበሩ ጸሐፊ