አበባ ቀሳሟን ወፍ ወደ ጓሯችን ስለ መጥራት

ካቻምና በወርኃ ጽጌ አንዲት ጎረቤቴ የሆኑ ባልቴት፥ በአሜሪካ የምትኖር ልጃቸው የላከችላቸውን ቀይ ብርጭቆ ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። ብርጭቆው ከግርጌው አበባ የመሰሉ ቀዳዳዎች አሉት። «መምህር፤ ልጄ ወፍ ይጠጣበታል ብላኛለች፤ እስቲ ነገሩን ይንገሩኝ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀሚንግበርድ የተባለችው ወፍ በአሜሪካ ምድር ብቻ ትገኛለች፤ ዓይነቷም ከ300 ይበልጣል። ከአበባ ፊት በአየር ላይ ቆማ ወለላውን ትመጣለች፤ የዚያ አገር ሰዎችም በጓሯቸው የስኳር ውሃ ይሰቅሉላታል። በአፍሪካ ግን ይህች ወፍ የለችም። በእርሷ ፈንታ እኛ ዘንድ ያለችው፥ ፈረንጆች «የፀሐይ ወፍ» የሚሏት ናት። ሁለቱ በዘር አይገናኙም፤ የሚመሳሰሉት በኑሯቸው ነው።

እንደ ድሬዳዋ ባለው ቆላ ከሚኖሩት መካከል የአንደኛዋ የላቲን ስም «ሐበሻዊ» ማለት ነው። ወንዱ በፀሐይ ሲታይ እንደ አረንጓዴ ሐር ያበራል፤ ደረቱንም ቀይ መቀነት የታጠቀ ይመስላል። ሴቲቱ ግን ግራጫ ለባሽ ናት። በደጋ የምትኖሩ አንባቢያን ደግሞ በተከዜ ወንዝ ስም የተጠራችውን ዘመዷን ታገኛላችሁ።

እንግዲህ አንድ እጅ ስኳር በአራት እጅ ውሃ በጥብጠን፥ ማርም ቀለምም ሳንጨምር፥ ብርጭቆውን በጥላ ሥር ሰቀልነው። የእኛይቱ ወፍ አርፋ መጠጣት ስለምትወድ ማረፊያ እንጨት አሰርንላት። በአምስተኛው ቀን ወንዱ መጣ። የባልቴቷ የልጅ ልጅ ወንጭፉን ጥሎ በደስታ ዘለለ።

ነገር ግን ለታኅሣሥ 19 በዓል ወደ ቁልቢ ስንወጣ፥ ብርጭቆውን ለማንም አደራ ሳልሰጥ ሄድሁ። ከአራት ቀን በኋላ ስንመለስ ውሃው ኮምጥጦ ጉንዳን ሞልቶበት አገኘነው፤ ወፊቱም ቀርታለች። በከተማችን ሙቀት የስኳር ውሃ ፈጥኖ ይበላሻል፤ የተበላሸውም ወፎችን ያሳምማል። ሕፃኑ «ጋሼ፤ ወፏ ተቀየመችን እንዴ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበርና።

ስለዚህ ብርጭቆ የሚሰቅል ሰው በየቀኑ አጥቦ መሙላት ይገባዋል። ይህን ለማይችል ቤት ግን አበባ መትከል ይሻላል፤ አበባ ማዕዱን ራሱ ይሞላልና። ለቆላ ሰው ከሁሉ የሚስማማው እሬት ነው። ከጎኑ የሚያቆጠቁጠውን ቡቃያ ከጎረቤት ተቀብሎ፥ ውሃ በማይተኛበት መሬት ወይም በጣሳ መትከል ይበቃል። አበባው እንደ ቱቦ ጠባብ ነው፤ የወፊቱም ምንቃር እንደ ማጭድ ቀጭንና ጎባጣ በመሆኑ በልኩ ይገባል። ስትጠጣ የአበባው ዱቄት በግንባሯ ላይ ይጣበቃል፤ ወደ ሌላው አበባም ታደርሰዋለች። ስለዚህ በነጻ አትመገብም።

ዳግመኛም በአበባው ላይ የተባይ መድኃኒት አትርጩ። ወፊቱ ጫጩቶቿን የምታሳድገው በትናንሽ ነፍሳትና በሸረሪት ነው፤ እንደ ከረጢት የተንጠለጠለውን ጎጆዋንም የምታስረው በሸረሪት ድር ነው። መድኃኒቱ ምግቧንም ክሯንም ያጠፋባታል።

ወንጭፍንስ ምን እናድርግ? በቁጣ ብቻ ከልጅ እጅ አይወጣም። እኔ ለዚያ ሕፃን እሬቱን ራሱ እንዲተክል፥ ራሱም እንዲጠብቅ ሰጠሁት። ዘንድሮ እሬቱ አበበ። አንድ ማለዳ በሬን አንኳኩቶ ወንጭፉን በእጄ አስረከበኝና «ጋሼ፤ ታርቃናለች» አለኝ።