ሌሊቱ ምን ያህል ይረዝማል?

በቅርቡ እዚህ ኪሊማኒ በአንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። የቤቱ ልጅ፣ ገና የ13 ዓመት ታዳጊ፣ በደብተሯ የነደፈችውን ፕላኔት አምጥታ አሳየችን። ቀኑ ድንጋይ የሚያግል፣ ሌሊቱ ትንፋሽ የሚያረጋ ዓለም ነው። የነዋሪዎቹን ስምና ጠባይ ሁሉ በአማርኛ ጽፋዋለች። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡን አንድ ጋሼ ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ «ልጄ፣ የሌለ ሰማይ ከምትፈጥሪ የአገርሽን ታሪክ ብታነቢ አይሻልም?» አሏት። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ወጣች። እኛም ዝም አልን። ያን ጊዜ ያልተናገርሁትን ዛሬ እጽፈዋለሁ።

ጋሼ ያን ዕለት አቦሉን ሲጠጡ ስሙ ሰማይ ላይ እንዳለ አላሰቡም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮችን ስም እንዲያወጡ ሲጋብዝ፣ ኢትዮጵያ ለደረሳት ኮከብ «ቡና»፣ ለፕላኔቷ «አቦል» የሚል ስም አወጣች። ኬንያ ደግሞ ኮከቧን «ካላውሲ»፣ ፕላኔቷን «ቡሩ» አለች፤ በሉኦ ቋንቋ አውሎ ነፋስና አቧራ ማለት ነው። ቡሩ ኮከቧን በ3 ቀን ገደማ ትዞራለች። ከቅርበቷ የተነሣ ዘወትር አንድ ፊቷን ብቻ ወደ ኮከቧ እንደምታዞር ይገመታል፤ ግማሿ የማይመሽ ቀን፣ ግማሿ የማይነጋ ሌሊት። እንግዲህ የልጅቷን ዓለም ቅዠት የሚለው ማን ነው?

ልጅቷን መጠየቅ የነበረብን ሌላ ነው፤ «ሌሊትሽ ምን ያህል ይረዝማል? አየርሽስ ምን ያህል ወፍራም ነው?» ጨረቃን እንይ። የእሷ አንድ ቀንና ሌሊት የእኛን 29 ቀን ተኩል ያህል ይፈጃል። በወገቧ ላይ እኩለ ቀኑ ወደ 120 ዲግሪ ይግላል፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ከ130 ዲግሪ ይወርዳል፤ ሙቀቱን አቅፎ የሚያሳድር አየር የላትምና። ቬኑስ ከጨረቃም ይልቅ በዝግታ ትሽከረከራለች፤ ሆኖም በከባድ አየሯ ስለ ተሸፈነች ሌሊቷም እንደ ቀኗ 460 ዲግሪ ገደማ ነው። ቀንና ሌሊትን የሚያራርቀው የፀሐይ ቅርበት ብቻ አለመሆኑን በራሷ ንድፍ ላይ ለምትደርስበት ልጅ ይህ ጨዋታ ትምህርት ነው፤ ያውም በአማርኛ።

ነዋሪ ፍለጋም ሩቅ መሄድ አያሻትም። ሰማዩ በጠራ ጧት ከናይሮቢ በሚታየው የኬንያ ተራራ ላይ የሰሜን ተራሮቻችን ጅብራ ዘመዶች ይበቅላሉ። ቀን ፀሐይ ያነዳቸዋል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርድባቸዋል፤ ሲመሽ ቅጠላቸውን አጥፈው ለጋውን እንቡጥ ይሸፍናሉ፣ ሲነጋ ይዘረጋሉ። ሰዓቱንም ቢሆን አማርኛ አዘጋጅቶላታል። እኛ ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱን ከምሽት እንቆጥራለን፤ ስዋሂሊም እንዲሁ ነው። ቀኑና ሌሊቱ ሁለት የተለያዩ አገሮች በሆኑባት ፕላኔት ከዚህ የተሻለ አቆጣጠር አላውቅም።

«ልጆቹ ቋንቋቸው እየጠፋባቸው ነው» የሚለው የጋሼ ስጋት እውነት ነው፤ እኔም እጋራዋለሁ። ግን ያቺ ልጅ የምትማረው በእንግሊዝኛ ነው፣ ከጓደኞቿ ጋር የምትጫወተው በስዋሂሊ ነው። ማንም ሳያዝዛት በአማርኛ የጻፈችው ያንኑ ደብተር ነበር፤ እኛ ያስዘጋናትም እሱኑ ነው።

በሚመጣው ወር ቡናው እኔ ቤት ነው። ደብተሯን ይዛ እንድትመጣ በእናቷ በኩል ልኬባታለሁ። ጋሼም ተጠርተዋል።