የዘገየ የልብ ሕክምና እና የሟች ቤተሰብ የካሣ መብት

ደረቱን ጨብጦ፣ ላብ አጥምቆት ወደ ጤና ተቋም የመጣ ሰው ተራ ሲጠብቅ ወይም “ጨጓራ ነው” ተብሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሕይወቱ ቢያልፍ ተጠያቂው ማን ነው? ጥያቄው በየለቅሶ ቤቱ ይነሳል፤ ወደ ፍርድ ቤት የሚደርሰው ግን ጥቂቱ ነው።

በተለምዶ ሃርት አታክ የሚባለው ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚከሰተው ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ነው። ሥሩ እስኪከፈት ድረስ ጡንቻው በየደቂቃው ይሞታል። በዚህም ምክንያት የሕክምናው መመሪያ በደቂቃ ይሰላል፤ ታማሚው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ የተሰኘው የልብ ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። በአገራችን የተዘጋውን ሥር በቀጭን ቱቦ የሚከፍቱ ሆስፒታሎች ጥቂት ናቸው። ሕመሙ በላይኛው ሆድ ላይ ሊሰማ ስለሚችል ታማሚውም ባለሙያውም ከጨጓራ ጋር ያምታቱታል።

ሕጉ ታማሚው ስለሞተ ብቻ ሐኪሙን ጥፋተኛ አያደርገውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ኃላፊነት የሚከተለው ግዴታውን አለማወቁ በግልጽ የሚታይ ቸልተኝነት ሲፈጽም ነው። ስለዚህ ኢሲጂ የሌለው ጤና ጣቢያ የሚሠራ ነርስ ኢሲጂ ባለማንሳቱ ሊወቀስ አይገባም። ነገር ግን የደረት ሕመምና የትንፋሽ እጥረት ያለበትን ሰው በቅጡ ሳይመረምር ካሰናበተ፣ ወደ ሆስፒታል መላክ ሲገባው ካቆየ፣ ወይም ገንዘብ አስቀድሞ ካልተከፈለ አልነካም ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ክርክሩ የሚያተኩረው በተቋሙ ድህነት ላይ ሳይሆን፣ በእጁ ባለው አቅም በጊዜው ምን አደረገ በሚለው ላይ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ጥፋት ሲፈጽም ተጎጂው በአንቀጽ 2126 መሠረት ካሣውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል። የግል ተቋምም ሠራተኛው በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። በወንጀል ሕጉም ቢሆን ያለ በቂ ምክንያት አስቸኳይ እርዳታ የነፈገ ባለሙያ በአንቀጽ 537፣ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ደግሞ በአንቀጽ 543 ሊጠየቅ ይችላል።

ትልቁ ችግር ማስረጃ ነው። የማስረዳት ሸክም በከሳሽ ላይ የወደቀ ሲሆን፣ ቤተሰብ መዘግየቱን ብቻ ሳይሆን ለሞት ምክንያት የሆነው መዘግየቱ መሆኑንም ማሳየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በዋኪጋን ከተማ አንዲት ሴት ደረቷን እያመማት ወደ ሆስፒታል ሄዳ በድንገተኛ ክፍል መጠበቂያ ሁለት ሰዓት ገደማ ከቆየች በኋላ ሞተች። የሞትን ምክንያት የሚያጣራው የአካባቢው ችሎት ዳኞች ሞቱን የሰው ግድያ ብለው ፈረጁት። ይህን ማለት የቻሉት የመጣችበት ሰዓት ስለተመዘገበና የሞቷ ምክንያት ስለተመረመረ ነው። በእኛ ዘንድ አስከሬን ብዙ ጊዜ ሳይመረመር በዕለቱ ወይም በማግስቱ ይቀበራል፤ የመጣበት ሰዓትም ሁልጊዜ በካርዱ ላይ አይሰፍርም። ልማዱ የሚከበር ነው፤ በችሎት ፊት ግን ቤተሰብን ባዶ እጁን ያስቀራል።

ካሣውን በተመለከተ አንቀጽ 2095 ለሟች የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች መብት ይሰጣል። ክፍያው በየጊዜው የሚሰጥ መተዳደሪያ ነው። የደመወዝተኛን ገቢ ማስላት ቀላል ሲሆን፣ የአርሶ አደሩን ግን ከምርት፣ ከከብትና ከመሬት ይዞታ ማስላት ያስፈልጋል። ልኩ በትክክል ካልታወቀ ዳኛው በአንቀጽ 2102 መሠረት በርትዕ ሊወስን ይችላል፤ ስለዚህ ገቢን የሚያስረዳ የቀበሌ ማስረጃና የጎረቤት ምስክርነት ሊናቁ አይገባም። ለኀዘኑ የሚከፈለው የሕሊና ካሣ በአንቀጽ 2116 ከ1 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተገድቧል። ይህ ገንዘብ ዛሬ የአንድ በግ ዋጋ እንኳ አይሞላም፤ ድንጋጌው እስከ አሁን ሳይሻሻል መቆየቱ ለሕግ አውጪው የሚያስመሰግን አይደለም።

ብዙዎች ሳያውቁት የሚያልፋቸው ደግሞ ይርጋው ነው። በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ የበለጠ ጊዜ ከሰጠ ግን ረዥሙ ይጸናል። ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ማመልከት ጠቃሚ ነው፤ ፍርድ ቤቶችም በሕክምና ስህተት ጉዳይ የባለሙያ አስተያየት ይፈልጋሉ። ሆኖም ለኮሚቴው የቀረበ አቤቱታ የፍርድ ቤት ክስን አይተካም፤ የኮሚቴውን መልስ ሲጠባበቁ ሁለቱ ዓመት ሊያልቅ ይችላል።

የካርዱን ቅጂ፣ የሪፈር ወረቀቱን፣ የክፍያ ደረሰኙን፣ አምቡላንስ የተጠራበትን የስልክ ጥሪ ሰዓት እና አብረው የነበሩትን ሰዎች ስም ከኀዘኑ ቀናት ጀምሮ በአንድ ላይ መያዝ ይገባል። ተቋሙ ካርዱን አልሰጥም ቢል እንኳ ክሱ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ሰነዱ እንዲመጣ ማዘዝ ይችላል።