የአፍንጫ ማደንዘዣና ጠብታ ተነጣጥለው አይቅረቡ

መቼም የሮቤ ገበያ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው ስንዴና ገብስ ነው። የመድኃኒት ንግዱ ግን እምብዛም አይወሳም። ሮቤና ጎባ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። እንዲህ ባለ ቦታ ደረቅና ቀዝቃዛ አየር አፍንጫን እያደረቀ ለነስር ያጋልጣል።

የማይቆም ነስር አፍንጫ ውስጥ ጥጥ ሲታሸግለት፣ ወይም ሕፃን አፍንጫው ውስጥ የከተተው የባቄላ ፍሬ ሲወጣ፣ ሐኪሙ ሁለት ነገር ይሻል፦ ሕመሙ እንዲደነዝዝና የደም ሥሮቹ እንዲኮማተሩ። ሊዶካይን ያደነዝዛል እንጂ እብጠት አይቀንስም። ዛይሎሜታዞሊንና ኦክሲሜታዞሊን የተባሉት ጠብታዎች በበኩላቸው የደም ሥሮቹን አኮማትረው መተላለፊያውን ይከፍታሉ፤ ሕመም ግን አያስታግሱም። ሁለቱንም ብቻውን ይሠራ የነበረው እ.ኤ.አ. ከ1884 ጀምሮ በማደንዘዣነት የታወቀው ኮኬይን ነው። ሱስ ስለሚያስይዝና ልብን ስለሚጎዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 በስዊድን የተቀመመው ሊዶካይን ከጠብታ ወይም ከአድሬናሊን ጋር ሆኖ በብዙ ቦታ ተክቶታል።

እንግዲህ ለነጋዴው ጥያቄው «የትኛው ይሻላል?» ሳይሆን «ሁለቱን አብሬ አቀርባለሁ ወይ?» የሚል መሆን አለበት። ጠብታው ለጉንፋን ስለሚፈለግ ቶሎ ይሸጣል። በአፍንጫ የሚነፋው ሊዶካይን ግን ፈላጊው የሕክምና ተቋም ብቻ ስለሆነ ገንዘብ አስሮ ይቀመጣል የሚል ሥጋት አለ። በተለይም ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ሥጋቱ መሠረት የለውም አይባልም።

መፍትሔው ግን ዕቃውን መተው አይደለም። ጎባ ላይ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል አለ፤ ሮቤም ሆስፒታል አላት። አከፋፋዩ የግዢ ክፍሎችንና የግል ክሊኒኮችን አስቀድሞ ጠይቆ፣ ሁለቱንም በልክ፣ የአገልግሎት ጊዜያቸውን አይቶ ቢያዝ ኪሳራ አይገጥመውም። ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚገኝ ገበያ ደግሞ ዕቃው የሚፈለገው በሽተኛው ወንበር ላይ ከተቀመጠ በኋላ አይደለም።

ለቸርቻሪውም አንድ ቃል፤ ጠብታው ከሳምንት በላይ ሲወሰድ አፍንጫውን መልሶ ይደፍነዋል። ይህን ሳይነግር ደጋግሞ የሚሸጥ ዛሬ ያተርፍ ይሆናል፤ ነገ ግን ደንበኛውን ያጣል። በመድኃኒት ንግድ ትልቁ ካፒታል እምነት ነውና!