ቅዳሜ ሲሆን በረዶው ለምን ይበዛል?

ይህን ገጽ ከዴንቨርና ከኦሮራ ሆናችሁ የምታነቡ ነገሩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ኅዳር ገብቶ ብርዱ ሲጠና ስልክ ላይ መልእክቱ ይጀምራል፦ «በዚህ ሳምንት መጨረሻ 12 ኢንች በረዶ!» 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ልጆቹ እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ የክፍል ጓደኞቻቸው ሰኞ ሰኞ የሚያወሩት ስለ ስኪ ነው፤ «እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» ይላሉ። አባት የቅዳሜ ሺፍቱን ይተዋል። ቬይል ላይ ገበያው በደራበት ሰሞን የአንድ ሰው የአንድ ቀን ትኬት በር ላይ ሲገዛ ከ300 ዶላር በላይ ነው። የጫማና የስኪ ኪራዩን፣ ቤንዚኑን፣ ምሳውን ጨምሩበት። ይህን ሁሉ ብር የምታስወጣው ያቺ 12 የምትል ቁጥር ናት። እሺ፣ ቁጥሯን ማን አወጣት? የሚጠቀምባትስ ማን ነው?

ጥያቄው ክፉ ጥርጣሬ እንዳይመስል አንድ ጥናት ልጥቀስ። ጆናታን ዚንማንና ኤሪክ ዚትዘዊትዝ የተባሉ የዳርትማውዝ ኮሌጅ ኢኮኖሚስቶች የስኪ መዝናኛዎች ራሳቸው የሚያወጡትን የበረዶ መጠን በየቀኑ እየለዩ መረመሩ። ቅዳሜና እሁድ የሚዘገበው አዲስ በረዶ ከሌላው ቀን በደንብ በልጦ ተገኘ። ደመና ደግሞ ቅዳሜን ከማክሰኞ አይለይም። ማጋነኑ የበረታውም ከማጋነን ይበልጥ በሚጠቀሙት ዘንድ ነበር። እኔን የገረመኝ ግን መጨረሻው ነው፦ ሰዉ ተራራው ላይ እንዳለ ያየውን በአይፎኑ ወዲያው ለሌላው የሚያካፍልበት አፕ ሲመጣ ማጋነኑ ወረደ፤ በተለይ ኔትወርክ ጥሩ በሆነበት ቦታ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፣ መረጃውም ከዚያ የቆየ ነው፤ ስለዚህ ዛሬም ሁሉም ይዋሻል አልልም። ግን በርበሬ ስንገዛ ሚዛኑን አጎንብሰን የምናይ ሰዎች በረዶ ላይ ሲደርስ ለምን ዝም እንላለን?

ሌላው ችግር ውሸት እንኳ ባይኖር ቁጥሩ ስለየትኛው ቦታ እንደሚናገር አለመታወቁ ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል። የብሬክንሪጅ ከተማ ራሷ 2,900 ሜትር ላይ ናት፤ ከፍተኛው ሊፍት የሚያደርሰው ደግሞ 3,900 ሜትር ላይ ነው። በሚያዝያ አናቱ ላይ ደረቅ በረዶ የሚጥለው ደመና ታች መኪና ማቆሚያው ላይ ዝናብ ሊያወርድ ይችላል። ማስታወቂያው የሚነግራችሁ ስለ አናቱ ነው፤ ጀማሪ ልጅ የሚውለው ግን ታች ነው። ዴንቨር እንግዲህ 1,600 ሜትር ላይ ናት፤ ስልካችሁ ላይ በከተማው ስም የሚወጣው ትንበያ ለተራራው አይሆንም።

«ዴንቨር እንዲህ ከጣለ ተራራውማ ስንት ይሆን!» የሚባለውም አያስኬድም። ነፋስ ተራራ ሲወጣ ይቀዘቅዝና እርጥበቱን ያራግፋል፤ ዋናው ጥያቄ በየት በኩል ወጣ የሚለው ነው። ዴንቨርን በበረዶ የሚቀብረው ብዙውን ጊዜ ከምሥራቅ የሚመጣ ነፋስ ነው፤ ቬይል ግን የሚጠቀመው ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ በሚመጣው ነው። ከተማው ተዘግቶ ቬይል ላይ ጥቂት ብቻ የሚወርድበት ቀን አለ፤ ዴንቨር ፀሐይ ሆኖ ተራራው የሚሞላበትም እንደዚሁ።

ወደ ራሱ ትንበያው ስንመጣ፣ አንድ ቁጥር ብቻ የሚሰጣችሁን አትመኑ። የአውሮፓው የአየር ትንበያ ማዕከል ኮምፒውተሩን አንድ ጊዜ አይደለም የሚያስኬደው፤ መነሻውን በትንሽ በትንሹ እየለዋወጠ 50 ጊዜ ያህል ያስኬደዋል። ውጤቶቹ ሁሉ ከ8 እስከ 12 ኢንች ከሆኑ ጥሩ ነው። ግማሹ 2፣ ግማሹ 18 ካለ ግን አማካዩ 10 ይሆናል፤ 10 ኢንች የሚል አንድም ውጤት ሳይኖር! አማካይ ጥልቀቱ አንድ ሜትር የሆነ ወንዝም እኮ ሰው ያሰምጣል። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር አገልግሎት የበረዶ ማዕበል ሲመጣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ግምት ለየብቻ በካርታ ያወጣል፤ በነፃ ነው፣ የሚሸጠው ትኬትም የለውም። ዝቅተኛው ግምት ለእናንተ በቂ ከሆነ ሂዱ። ሳምንት ቀድሞ ኢንች የሚቆጥርላችሁን ግን እለፉት፤ ያኔ ሊታወቅ የሚችለው ማዕበል ሊመጣ ይችላል የሚለው ብቻ ነው።

(በነገራችን ላይ አማርኛችን ራሱ እዚህ ላይ አያግዘንም። ጣሪያ የሚደበድበውም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም፣ እንደ ጥጥ የሚወርደውም «በረዶ» ነው። ስኪ ለሚሄድ ሰው ግን ጥጡና ድንጋዩ አንድ አይደሉም፤ ትንበያው ላይ ከዝናብ ጋር የተቀላቀለ የሚል ካያችሁ ሌሊት ግግር ሆኖ ሊያድር እንደሚችል አስቡ።)

አሁን ደግሞ ስለ ዓመታዊው ትኬት። ቬይል ሪዞርትስ እ.ኤ.አ. በ2008 ኤፒክ ፓስ የሚባለውን ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ቀድሞ ሲገዛ በጣም ይረክሳል። ሽያጩ የሚዘጋው ግን ታኅሣሥ አካባቢ ነው፤ አብዛኛው የዓመቱ በረዶ ሳይወርድ ማለት ነው። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ካምፓኒው የአየሩን ሪስክ ከራሱ አውርዶ ገዢው ላይ ጭኖታል። ሕጋዊ ነው፣ ብልህ ንግድም ነው። አሥር ጊዜ ለሚሄድ ሰው ያዋጣዋል። በዓመት አንዴ ለሚሄድ ቤተሰብ ግን ቅናሽ የመሰለው ነገር ውርርድ ነው፤ ያውም «ከፍዬበታለሁ» ብሎ በመጥፎ ቀን መንገድ የሚያስወጣ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ዋናውን ልናገር፦ ለጀማሪ ቤተሰብ 12 ኢንች መልካም ዜና አይደለም። ጥልቅ አዲስ በረዶ የሚያስደስተው የለመደውን ነው። ልጅ የሚማርበት ሜዳ በማሽን የተስተካከለ ነው፤ ብዙ ቦታ በረዶውም ራሱ በማሽን ይሠራል። ያ ሁሉ በረዶ ለእናንተ የሚያመጣው አይ-70 ላይ ሰዓታት የሚፈጅ የመኪና ሰልፍ ነው፤ አንዳንዴም መንገዱ ጭራሽ ይዘጋል። እኔ ብሆን ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ያለውን ብሩህ ቀን እመርጥ ነበር፤ ከተቻለ ደግሞ የሥራ ቀን። በዚያውም የቅዳሜ ሺፍት አይቃጠልም።

መዝናኛዎቹንም አንድ ነገር ብንጠይቃቸው አይበዛም፦ ከቁጥሩ ጎን የተለካበትን ቦታ፣ ከፍታና ሰዓት ይጻፉ። ብዙዎቹ መለኪያው እንጨት ላይ ካሜራ ተክለዋል፤ እስኪጽፉ ድረስ ንጋት ላይ እሱን ከፍቶ ማየት ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ጎማችሁን እዩ። ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ጥርሱ ያላለቀ የበረዶ ጎማ ወይም ሰንሰለት የግድ ነው፤ በአራቱም እግር የሚነዳ መኪና ቢሆን እንኳ ጥርሱ ካለቀ ጎማ ጋር አያልፍም።