«መድኃኒቱን ትቶ ነው» ከማለታችን በፊት

በቤትዎ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ይህ አባባል ለጆሮዎ አዲስ አይሆንም፤ «እንደገና ያመመው መድኃኒቱን አልውጥ ብሎ ነው»። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን ታማሚው ሳያጠፋ ይወቀሳል።

ክሎዛፒንን እንውሰድ። ሌሎች መድኃኒቶች ላልረዷቸው የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች የሚታዘዝ ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ቢውጡም በደማቸው የሚገኘው መጠን እጅግ ሊለያይ ይችላል። የሲጋራ ጭስ ጉበት መድኃኒቱን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። በመሆኑም አጫሽ የሆነ ሰው ሳያጓድል እየዋጠ ሊያንሰው ይችላል። ማጨስ በድንገት ያቆመ ደግሞ በዚያው ኪኒን መጠኑ አሻቅቦ ለከባድ ድብታ፣ አልፎም ራስን ለሚያስት መንቀጥቀጥ ሊጋለጥ ይችላል።

ይህን የሚያሳየው የደም ምርመራ ነው። አንዱ ዘዴ በፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ይሠራል። የመድኃኒቱ ቅንጣት ትንሽ ስለሆነች ብቻዋን የሰውነትን መከላከያ አትቀሰቅስም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከትልቅ ፕሮቲን ጋር አያይዘው ለእንስሳ ይወጓታል። የእንስሳው ሰውነትም እሷን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ያ አካል በላቦራቶሪ መድኃኒቱን ከደም ናሙና ውስጥ ለይቶ ይይዛል፤ መጠኑም ይለካል። ለክሎዛፒን ደም የሚቀዳው የመጨረሻው ኪኒን ከተዋጠ 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ የጠዋቱ ሳይዋጥ ነው። ብዙ ባለሙያዎች በአንድ ሚሊ ሊትር 350 ናኖግራምን እንደ መነሻ ያዩታል።

በእኔ እምነት ግን ይህ ምርመራ ታማሚን ማጥመጃ መሆን የለበትም። ቁጥሩ መጠኑ ማነሱን ይናገራል፤ ለምን እንዳነሰ የሚነግረን ግን ታማሚው ራሱ ነው። የተከሰሰ ሰው ደግሞ ይደብቃል እንጂ አይናገርም።

ምርመራው በማይገኝበት ቦታም ማድረግ የሚችሉት አለ። ሲጋራ፣ ጫት፣ ሌላ መድኃኒትና የተዘለሉ ቀናት ካሉ ለሐኪሙ ሳይሸሽጉ ይንገሩ። ክሎዛፒን ከ48 ሰዓት በላይ ከተቋረጠ በቀድሞው መጠን በራስዎ አያስጀምሩ፤ ሐኪም ያማክሩ። ጸበል የሚሄድ ታማሚም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ከሁሉም በፊት ግን ታማሚዎን «ዋጥህ ወይስ አልዋጥህም?» ብለው ከማፋጠጥ ይልቅ «መድኃኒቱ እንዴት እያደረገህ ነው?» ብለው ይጠይቁት።